እመቤታችንም ለበግ አቅም አልነበራትም

ገና ደረሰ። ከዛሬ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 29 የምንሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «በግ ስንት ገባ?»

ጋዜጠኛው ማይኩን ይዞ ሾላ ይወርዳል፣ ቄራ ይሻገራል፣ አቃቂ ይደርሳል። ነጋዴውን «ገበያው እንዴት ነው?» ይለዋል፤ ሸማቹን «ከአምናው ጋር ሲነጻጸርስ?» ይለዋል። ሽንኩርት በኪሎ፣ እንቁላል በነጠላ፣ ቅቤ ለጋው፣ መካከለኛው፣ በሳሉ ተብሎ ተራ በተራ ይነበብልናል። መላእክት ለእረኞች የምስራች ካበሰሩ ሁለት ሺህ ዓመት አለፈ፤ እኛ ግን በልደት ዋዜማ ጆሯችንን አቁመን የምንጠብቀው የምስራች የሽንኩርት ዋጋ መቀነስ ሆኗል።

ስለ ኑሮ ውድነት ልጽፍ አይደለም። እሱን ሁላችንም በኪሳችን እናውቀዋለን። የምጽፈው ከዚያ ስለሚብስ ነገር ነው። ቤተሰቦቻችንን እንደምንወዳቸው የምንናገርበት አፍ አንድ ብቻ ቀርቶናል፤ እሱም ቦርሳችን ነው። ስለዚህ ቦርሳው ባዶ የሆነው ልጅ በዓል ሲመጣ ከቤተሰቡ ይደበቃል። ቦርሳው የሞላው ልጅ ደግሞ ብሩን ልኮ ራሱ ይቀራል። እናትና አባት በሁለቱም በኩል ልጃቸውን አጡ። አንዱ ስላጣ ቀረባቸው፣ ሌላው ስላገኘ ቀረባቸው።

ይኼንን ደግሞ «ባህላችን ነው» እንላለን። አልፈንም «ክርስትናችን ነው» እንላለን። አይደለም! ባህላችንም አይደለም፣ ክርስትናችንም አይደለም። ለምን እንደዚህ እንደምል ታግሣችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። መሳደብ የፈለገም አንብቦ ይሳደብ።

*

አንድ የማውቀው ሰው አለ። ግንበኛ ነው፤ ሥራ ሲገኝ የሚሠራ፣ ሳይገኝ የሚቀመጥ። ቤተሰቦቹ ደብረ ብርሃን አካባቢ ገጠር ናቸው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጠዋት የተነሣ ሰው ለምሳ ይደርሳል። ይኼ ሰው ሦስት በዓል በተከታታይ አልሄደም። አባቱ ሲደውሉለት «ሥራ በዝቶብኝ ነው አባባ፣ አለቃዬ አልለቅ አለኝ» ይላቸዋል። ሥራ የሚባል ነገር አልነበረውም። እንዲያውም ሥራ ጠፍቶ ቤቱ የተቀመጠው ያኔ ነው። ያልሄደው በግ መግዣ ስላጣ ነው። «አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው እየተባልኩ ባዶ እጄን እያወዛወዝኩ በዚያ ሰፈር ልለፍ?» ነበር የሚለኝ።

በአራተኛው በዓል አባቱ አልነበሩም። አርፈዋል።

ለቅሶ ሄደ። የመሳፈሪያውን ተበድሮ፣ ባዶ እጁን ሄደ። በዚያው በፈራው ሰፈር፣ ሰው ሁሉ እያየው አለፈ። አንድም ሰው «ምን ይዘህ መጣህ?» አላለውም። ኋላ እናቱ እንዳጫወቱት፣ አባትየው በየበዓሉ ዋዜማ ከደጅ ወጥተው መንገዱን ያዩ ነበር። በግ ይመጣል ብለው ነው እንዴ? በግማ በጉሮኗቸው ሞልቷል፤ የበግ አገር ሰው ናቸው! ልጁ በአዲስ አበባ ዋጋ ገዝቶ ካልወሰድኩ ብሎ የተጨነቀበት በግ ከዚያው ከአባቱ አገር ተጭኖ የመጣ ነው።

እስቲ ይኼን ነገር ቆም ብላችሁ አስቡት። ለአባት ቀብር ባዶ እጅ ይኬዳል። አባት በሕይወት እያሉ ግን ባዶ እጅ አይኬድም። ይኼንን ሕግ ማን ነው ያወጣው? የትኛው መጽሐፍ ላይ ተጻፈ?

*

እኔ የምሠራው ባንክ ቤት መስኮት ላይ ነው። የትኛው ባንክ እንደሆነ ለነገሩ አያስፈልግም፤ የበዓል ሰሞን ሁሉም ጋ ሰልፉ ከበር ይወጣል። አብዛኛው ከውጭ የተላከለትን ሊቀበል የመጣ ነው። የሚስጥር ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ የሚመጣ አለ፣ ስልኩን እንዳለ በመስኮቱ የሚያቀብለኝ አለ።

አምና በፋሲካ ሰሞን አንዲት እናት መጡ። ቁጥሩ አንድ አሃዝ ጎደለው። ልጃቸው ጋ በኢሞ ደወሉ። ሪያድ ነው ያለችው፤ ሰው ቤት ትሠራለች። ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር ሰልፉ ሁሉ ይሰማል። ልጅቷ ቁጥሩን ደገመችላቸው። ቀጥላ «እማዬ አትዝጊው፣ ትንሽ እናውራ» አለች። እናትየው «ሰልፍ ላይ ነኝ እኮ፣ ሰው ይጠብቃል፤ በግ ተራውም ሳይበተን ልድረስ» ብለው ዘጉት።

ክፉ ሴት ሆነው አይደለም። ብሩን ሲቀበሉ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ኖቱን ሳሙት፣ ወደ ላይ ቀና ብለው መረቋት። ልጃቸውን ይወዷታል። ግን ምርቃቱን የሰማሁት እኔ ነኝ። እሷ አልሰማችውም። እሷ የምታውቀው ስልኩ እንደተዘጋ ነው።

ሪያድ ላይ ታኅሣሥ 29 ተራ የሥራ ቀን ነው። ቄጠማ የለም፣ የቡና ጭስ የለም፣ ደወል የለም። የአሠሪዋን ቤት ወለል ስትወለውል ትውላለች። የእኛ በዓል የቆመው በእሷ ወገብ ላይ ነው። እኛ ደግሞ ስንት እንደላከች እንጂ እንዴት እንዳደረች አንጠይቃትም። «ብሩ ገባ?» «ገባ።» «እሺ ቻው።» ይኼ ነው የእናትና ልጅ የበዓል ጨዋታ?

ሌላም የማየው ነገር አለ። የበግ ብር ይጠየቃል፣ የመድኃኒት ብር አይጠየቅም። የደም ግፊት ክኒናቸው ካለቀ ሁለት ሳምንት የሆናቸው እናት «ልጄን እንዳላስጨንቃት» ብለው ዝም ይላሉ። የበጉን ግን አይተዉም። ለምን? ክኒኑን ጎረቤት አያየውም። በጉ ግን ይጮኻል፤ ሰፈር ይሰማዋል። እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ያ በግ የታረደው ለጌታ ልደት አይደለም፣ ለእናትም ለልጅም አይደለም። ለጎረቤት ዓይን ነው የታረደው።

*

ይኼንን እሳት የሚያራግቡም አሉ። እንጀራዬን የምበላበት መሥሪያ ቤት ሳይቀር «በበዓሉ ከውጭ የተላከልዎን በእኛ በኩል ሲቀበሉ ይሸለማሉ» ይላል። ቴሌቪዥኑ የበዓል ፕሮግራም ብሎ ከጠዋት እስከ ማታ ድስትና ሞሰብ ያሳየናል። ባዛሩ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ ይጮኻል። በረዶ በማያውቀው አገር ጥድ ላይ ጥጥ እየበተንን ልጆቻችንን ፎቶ እናነሣለን። እኛም እዚሁ ፌስቡክ ላይ ማዕዳችንን ለጥፈን፣ ማዕድ የሌለው ሰው አልጋው ላይ ተጋድሞ እንዲያየው እናደርጋለን።

«እንኳን አደረሳችሁ» የምንባባለው እንኳ ተቀይሯል። ከታች የድርጅት ስልክ ቁጥር ያለበትን ፖስተር ለአጎትም፣ ለክርስትና አባትም፣ ለባለቤትም በአንድ ጊዜ መላክ ሆኗል። ቃሉን ግን ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? «እንኳን አደረሰህ» ሲባል መልሱ ምንድን ነው? «እንኳን አብሮ አደረሰን!» ነው። አብሮ! አባቶቻችን በዓልን በአንዲት ቃል ተርጉመው አስቀምጠውልን ነበር። ቃሉ በግ አይልም፣ ቅቤ አይልም። አብሮ ነው የሚለው። እኛ «አብሮ»ን አውጥተን ጣልንና በቦታው ዕቃ አስገባን።

*

አሁን ወደ ወንጌሉ እንምጣ። ክርስቲያን ነን ካልን ክርክሩ የሚያልቀው እዚያ ነው።

አንደኛ። ጌታ በተወለደ በ40ኛው ቀን፣ የካቲት 8 በዓለ ስምዖን ብለን በምናከብረው ቀን ማለት ነው፣ እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ ሕፃኑን ይዘው ወደ ቤተ መቅደስ ወጡ። ሕጉ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ላይ አለ። የወለደች ሴት የአንድ ዓመት ጠቦትና አንድ ወፍ ታቀርባለች። በግ ማለት ነው እንግዲህ። ግን ሕጉ እዚያው ለድሃ መውጫ አስቀምጧል። ለጠቦት አቅም ያጣች ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩት ይበቃታል። አሁን ሉቃስ 2፥24ን ክፈቱ። የጌታ እናት ያቀረበችው የትኛውን ነው? የድሃዋን። ወፎቹን።

በቃ፣ ነገሩ ይኼ ነው። ልደቱን የምናከብርለት ጌታ ሲወለድ ወላጆቹ በግ መግዛት አልቻሉም! እመቤታችን «ባዶ እጄን ምን ብዬ እወጣለሁ፣ የናዝሬት ሰው ምን ይለኛል» ብላ ቤቷ አልቀረችም። ያላትን ይዛ ሄደች። በእቅፏ የያዘችው ግን የእግዚአብሔርን በግ ነበር። ሽማግሌው ስምዖንም «ምን ይዛችሁ መጣችሁ?» አላለም። ሕፃኑን ተቀብሎ አቀፈው።

ሁለተኛ። ሉቃስ 15ን ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። የጠፋው ልጅ ወደ አባቱ ሲመለስ ምን ይዞ ነበር? ምንም። ድርሻውን በትኖ፣ እሪያ ጠብቆ፣ ተርቦ ነው የመጣው። እግሩ ላይ ጫማ እንኳ አልነበረም፤ አባቱ «ጫማ አድርጉለት» ማለቱ ለዚያ ነው። አባትየው ግን ገና በሩቅ አይቶት ሮጠ፣ አንገቱን አቅፎ ሳመው። የሰባው ፍሪዳ ጉዳይ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉት። ፍሪዳው የታረደው ልጁ ስለመጣ ነው። እኛ ገልብጠነዋል፤ ፍሪዳ ከሌለ ልጁ አይመጣም!

በዚያ ቤት ፍቅርን በእንስሳ የለካ አንድ ሰው ነበር። ታላቅ ወንድሙ። «ከጓደኞቼ ጋር እንድደሰት አንዲት የፍየል ግልገል እንኳ አልሰጠኸኝም» ብሎ አባቱን የወቀሰው እሱ ነው። ከአባቱ ጋር አንድ ቤት እየኖረ፣ ሁልጊዜ አብሮት ሳለ፣ ግልገል ሲቆጥር ኖረ። ታሪኩ ሲያልቅ እሱን ከደጅ ቆሞ ነው የምናገኘው። እኛ ዛሬ የማንን መንገድ ነው የያዝነው? እስቲ እያንዳንዱ ራሱን ይጠይቅ።

ሦስተኛ። ዮሐንስ 19። ጌታ በመስቀል ላይ ነው። ወታደሮቹ ልብሱን ተከፋፍለዋል፣ በእጀ ጠባቡ ዕጣ ጥለዋል። ከዚያ በላይ ባዶ እጅ የሚባል ነገር የለም፤ እጆቹም ተቸንክረዋል። እናቱ ከሥር ቆማለች። ለእናቱ ምን ሰጣት? ሰው ሰጣት። ዮሐንስን ሰጣት። ደቀ መዝሙሩም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት።

እንግዲህ ደምሩት። በልደቱ በግ አልነበረም። በምሳሌው ልጁ ባዶ እጁን ነው የመጣው። በመስቀሉ ሥር ለእናት የተሰጠው ስጦታ ሰው ነው። ታዲያ እኛ ይኼንን የበግ ሃይማኖት ከየት አመጣነው?

*

አሁን የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ። አንድ በአንድ እንየው።

«ድሃ በዓመት ሁለት ሦስቴ ነው ሥጋ የሚቀምሰው፤ እሷንም ልትነጥቀን ነው?» አይደለም ወገኔ! ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመን መፈሰኩማ ደስታ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ባርካዋለች። ብሉ። ቅርጫ ግቡ። እንዲያውም ቅርጫን የመሰለ ነገር የለም፤ ጎረቤት ተሰብስቦ አንድ በሬ ገዝቶ፣ መደብ እያወጣ፣ ዕጣ እየጣለ፣ እየተሳሳቀ ይካፈላል። አብሮ ነዋ! እኔ የተቃወምኩት መብላትን አይደለም። በጉ የቤት መግቢያ ትኬት መሆኑን ነው። ትኬት የሌለው ልጅ ከእናቱ ደጅ መመለሱን ነው።

«ፍቅር በተግባር እንጂ በአፍ አይደለም፤ ዮሐንስ በመልእክቱ ተናግሯል።» ተናግሯል፤ 1ኛ ዮሐንስ 3፥18። ግን አንድ ቁጥር ወደ ላይ ውጡ። 17ኛው ቁጥር ላይ የሚወቅሰው ማንን ነው? ወንድሙ ተቸግሮ እያየ፣ እያለው፣ ልቡን የሚዘጋበትን ነው። የሚያወራው ስለ ችግር ነው። ስለዚህ ለእናትህ ክኒን፣ ለእህትህ የቤት ኪራይ፣ ለወንድምህ ልጅ ደብተር ስትልክ ያ ፍቅር ነው፤ የበዓል ቀን መጠበቅም አያስፈልገውም፣ በጥቅምትም ላከው። ለችግር የላክኸው ብር ተግባር ነው። ለዓይን የላክኸው ብር ማስታወቂያ ነው። ደግሞስ ተግባር ማለት ብር ብቻ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? የእናትህን እግር ማጠብ ተግባር አይደለም? ዶሮውን ይዞ መገንጠል፣ እንጨቱን መፍለጥ፣ ሽንኩርቱን አብሮ እያለቀሱ መክተፍ ተግባር አይደለም?

«ሰብአ ሰገልስ ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ይዘው መጥተው የለም እንዴ?» ይዘው መጥተዋል። ቃሉን ስሙት፦ ይዘው መጡ። ወርቁን በሲራራ ነጋዴ አልላኩትም። ያን ሁሉ አገር አቋርጠው ራሳቸው መጡ። ማቴዎስ 2፥11 ላይ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። መጀመሪያ ገቡ፣ ሕፃኑን ከእናቱ ጋር አዩት፣ ወድቀው ሰገዱ፤ ሣጥናቸውን የከፈቱት ከዚያ በኋላ ነው። ላንክሩዘር እያለው፣ ሁለት ሰዓት የማይፈጅ መንገድ አጥሮት፣ በግ በሹፌር የሚልክ ሰው ሰብአ ሰገልን ባይጠቅስ ይሻለዋል።

«ታላቅ ሰው ቤት ባዶ እጅ መሄድ በባህላችን ነውር ነው።» የቱ ባህል? የድሮ ሰው ያለውን ነበር የሚይዘው። ትንሽ ቡና፣ ስኳር፣ አንድ ድፎ ዳቦ። ከሌለው ጉልበቱን ይዞ ይመጣ ነበር። የገና ጨዋታችንን ተመልከቱት። ከጫካ የተቆረጠ ቆልማማ ዱላና አንዲት ሩር ነው። በቃ። ጌታውና ሎሌው እኩል የሚሯሯጡበት፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለለት ጨዋታ ምን ያህል ወጪ ነበረው? ምንም። ላሊበላስ? ለቤዛ ኩሉ የሚመጣው ምእመን ስንቁን አንግቶ ስንት ቀን በእግሩ ተጉዞ፣ አቧራ ለብሶ ነው የሚደርሰው። የአገሬው ሰው «ምን ይዘህ መጣህ?» ብሎ አይቀበለውም። ውኃ ይዞ ወጥቶ እግሩን ያጥበዋል። ባህላችን ይኼ ነው። በግ ካልያዝክ አትምጣ የሚለው የትናንት ፈጠራ ነው፤ አሁን የበግ ዋጋ አምስት አሃዝ ገብቶ ሲያንቀን ነው ማንነቱ የታወቀው።

*

አንዳንዱ ደግሞ «እኛ ሐበሾች ፍቅርን በአፍ መግለጽ አናውቅም፤ አባቴን ‹እወድሃለሁ› ልለው ነው? ይስቅብኛል» ይላል። እኔም የፈረንጅ ፊልም ተርጉማችሁ አባታችሁ ፊት ቁሙ አላልኩም። ግን ቋንቋ የለንም የሚለውን አልቀበልም። ኧረ እንደ እኛ ቋንቋ ያለው ማን አለ! «አፈር ስሆን ብላልኝ» የምትል እናት ያለችን ሰዎች ነን። ስንደናቀፍ «እኔን!» ይባልልናል፤ በአንተ ፈንታ እኔን ይጉዳኝ ማለት ነው እኮ። ከዚህ በላይ ምን የፍቅር ቃል አለ? ጉርሻ አለን። የአባት ጉልበት መሳም አለን። ምርቃት አለን፤ አባት ተነሥቶ፣ ልጅ አጎንብሶ፣ ቤቱ ሁሉ «አሜን» የሚልበት። ይኼ ሁሉ አፍ እያለን ነው በቦርሳ ብቻ ካልተናገርን ያልነው።

ምርቃት ደግሞ በሃዋላ አይላክም። ጉርሻም በቴሌብር አይገባም።

በተለይ እናንተ አባቶች! ልጃችሁ ያልመጣው ንቆአችሁ እንዳይመስላችሁ። ብዙዎቹ አፍረዋችሁ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ «ሰው ሁን» ስንላቸው «ይዘህ ና» ያልናቸው እየመሰላቸው አድገዋል። ያንን ማንሣት የምትችሉት እናንተ ብቻ ናችሁ። አንድ ስልክ ነው። «ልጄ፣ በግ አይደለም የምንፈልገው፣ አንተን ነው። ባዶ እጅህን ና።» ይኼንን ቃል ከአባቱ አፍ የሰማ ልጅ በእግሩም ቢሆን ይመጣል።

*

እንግዲህ ወሬ ብቻ እንዳይሆን፣ ለዚህ ገና እንዲህ እናድርግ እላለሁ።

1. ያለው፣ መንገዱም የሚያደርሰው ሰው፦ ብሩን አትላክ፣ ይዘኸው ሂድ። ስትደርስም ስልክህን ኪስህ ክተትና ተቀመጥ። እናትህ አሥር ጊዜ የነገረችህን ታሪክ ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ስማት።

2. የሌለው፦ ሂድ። እደግመዋለሁ፣ ሂድ። የመሳፈሪያ ካለህ ለበዓል የሚሆን ገንዘብ አለህ ማለት ነው። ስትደርስ እጀታህን ሰብስበህ ሥራ ያዝ። «ምን ይዘህ መጣህ?» የሚልህ ጎረቤት ካለ «እኔን» በለው።

3. ውጭ አገር ያላችሁ፣ መምጣት የማትችሉ፦ ለእናንተ «ኑ» አልልም። የብዙዎቻችሁ ፓስፖርት በማን እጅ እንዳለ አውቃለሁ። ከቁጥሩ በፊት ግን ድምፃችሁን ላኩ። «ብር ልኬያለሁ» ከማለታችሁ በፊት «እማዬ፣ እንዴት ነሽ፣ መድኃኒትሽ አለ ወይ?» በሉ።

4. ተቀባዮች፦ ይኼ ለሁላችንም ነው። ለልካችሁ ልጅ ከመስኮቱ ሳትርቁ ደውሉላት። «ደረሰኝ» ብቻ ብላችሁ አትዝጉ። በልታ እንደሆነ ጠይቋት፣ ታምማ እንደሆነ ጠይቋት። ምርቃቱን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ አሰሟት። መላክ ካልቻለች ደግሞ «አንቺ ደኅና ሁኚልን እንጂ በዓሉ ያልፋል» በሏት። ይኼ ቃል እዚያ ላለች ልጅ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

5. የተጣላችሁ፦ በቤት ይዞታና በውርስ ተኳርፋችሁ፣ በአንድ ግቢ ሁለት በግ የምታርዱ ወንድማማቾች አላችሁ። ማቴዎስ 5፥23 እና 24 ስለ እናንተ ነው። መባህን ከመሠዊያው ፊት ተውና መጀመሪያ ታረቅ ይላል። መባን ያህል ነገር አቁም ካለ በግህንማ እንዴት አያቆመው? ዘንድሮ አንዱን በግ ተዉትና አንድ ማዕድ ላይ ቅረቡ።

6. ፌስቡክ ላይ ያለን፦ ማዕዳችንን አንለጥፍ። እንዲህ ቀላል ነው።

*

አንዳንዱ «ቀላል ነገር አካበድክ» ይለኝ ይሆናል። እኔ ግን በዚያ መስኮት ላይ ተቀምጬ የማየው ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ትውልድ ወላጆቹን በብር ብቻ ሲያናግር፣ ወላጆች ልጆቻቸውን በብር ብቻ ሲሰሙ አያለሁ። ብሩ ሲቋረጥ ደግሞ ወሬውም ይቋረጣል። የሚያስፈራኝ ይኼ ነው። ዋጋው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ በግም ዛሬ ይታረዳል፣ ነገ ይረሳል። እናትና አባት ግን እንደ በግ በሚቀጥለው በዓል ተመልሰው ገበያ አይወጡም።

ጌታ የተወለደው በከብቶች በረት ነው። ከሰማይ የመጣው ዕቃ ሊያመጣልን አልነበረም፤ እሱ ራሱ መጣ። ስሙም አማኑኤል ተባለ፤ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት ነው። ከእኛ ጋር! ልደትን ማክበር ማለት እሱን መምሰል ከሆነ፣ እኛም ለሰዎቻችን ልናደርግላቸው የምንችለው ትልቁ ነገር ይኼው ነው። መምጣት። አብሮ መሆን።

ይኼንን ጽሑፍ ላይክ ከማድረጋችሁ በፊት ለእናታችሁ ደውሉ። እናት የሌላችሁ ለአክስታችሁ፣ ለአሳዳጊያችሁ፣ ለነፍስ አባታችሁ ደውሉ። ስለ በግ አትጠይቁ።

ለመላው የክርስትና እምነት ተከታዮች በሙሉ፣ እንኳን ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል አብሮ አደረሰን!